ለሚመለከተው ሁሉ

ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ማኅተሙ ቀርቦልኛል፤
የቢሮው ጸሐፊ «ቶሎ ጻፍ» ብሎኛል።

«ወይዘሪት ታድፋለች አዝመራው የተባለች፣
በቡሬ በቆሎ መጋዘን በጊዜያዊነት ሠርታለች፣
ከኅዳር አንድ ጀምሮ እስከ ጥር ሠላሳ።
ሥነ ምግባሯም መልካም ነው።»
ይኸው ነው። ቅጹ አለቀ፣ አንዳች ነገር ሳያወሳ።

የቀረውን የት ልጻፈው?
ሦስት ወር ሙሉ ያየሁትን በየትኛው መስመር ላስገባው?

በመጀመሪያው ማለዳ፣ ብርዱ ቡሬን ሲቆነጥጥ፣
አህያው ከነጭነቱ በሩ ላይ ሲቅበጠበጥ፣
ሁሉም እጁን በብብቱ ከቶ ፀሐይ እየሞቀ፣
የእሷ ጉልበት ግን ሚዛኑ ሥር በአቧራ ተጨማለቀ።
የሃያ ኪሎውን ብረት አንስታ አስቀመጠችው፤
መርፌው ሃያ ሳይደርስ ሲቆም ሁለት ጊዜ አየችው።
«ጋሼ ሽባባው፣ ይቅርታ» አለች ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣
«ግማሽ ኪሎ ይበላል»፤ እኔን ላለማዋረድ ድምጿን ገትታ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ የዚህን መጋዘን ቁልፍ።
ስንቱን ግማሽ ኪሎ በልቼ ይሆን፣ ሳላውቅ ሳልፍ?
ብሎኑን አጠበቅኩ። አመሰገንኳት? አላመሰገንኳትም።
አፈርኩ እንጂ። ሐፍረት ደግሞ ምስጋና አያውቅም።

ጫኝና አውራጆቹ ጠሏት።
አንማው ነው፣ ጆንያ ላይ ተንጋሎ፣ አንድ ቀን የጠየቃት፦
«የሦስት ወር ሰው አይደለሽ? ማን ሊሾምሽ ነው ኧረ?
ለእንግዳ ቤት ምሰሶ የሚያቆም የት አገር ላይ ነበረ?»
እሷ ከሰል በጣቷ ይዛ፣ ጆንያው ላይ ቀን እየጻፈች
(የቀደመው ቀድሞ እንዲወጣ፣ ነቀዝ እንዳይቀድመው ብላ ጀመረች፤
ማንም አላዘዛትም)
«ቤቱ የኔ አይደለም፤ ሦስቱ ወር ግን የኔ ነው» አለች።

ስሕተትም አላጣትም፤ መልአክ አድርጌ አልጽፋትም።
አንድ ቀን ዘጠና ስምንቱን ሰማንያ ዘጠኝ ብላ ጻፈች፤
ማታ ድምሩ እንቢ ሲላት፣ ሳትጠየቅ መጥታ ነገረች።
«እኔ ነኝ» ነው ያለችው። «እስክሪብቶው ነው» አላለችም፤
«ጫጫታው ነው»፣ «አንማው ነው ያጣደፈኝ» አላለችም።
ደረሰኙን አሳርማ፣ ብሩን በመሐረብ ቋጥራ፣
በገበያ ቀን የወምበርማውን ሽማግሌ ፈለገችው፣ ከአንዱ አህያ ወደ ሌላው ዞራ።
ሲያገኛት ምን እንዳላት አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝ።
በሳምንቱ ግን ስድስት ገበሬ «የዚያች ልጅ ሚዛን የታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥር ሠላሳ መጣ። ቋሚ ቦታ? የለም፤ በጀት የለም ተባለ።
ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «ደብዳቤ ጻፍላት» አለ።
እሱንም በቅጹ መሠረት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።
እኔ እኮ የሚዛን ሰው ነኝ፤ እንዴት ዝም ልበል፣ እያየሁት ሲያንስ?

ብዕሬን አነሣሁ። «መልካም ነው» ከሚለው ሥር፣
በገዛ እጅ ጽሑፌ፣ ከማኅተሙ ጥግ በቀረችው ጠባብ መስመር፦
«ይህች ልጅ ግማሽ ኪሎ አይታለች። የሚመለከተው ይመልከት።
ሽባባው ፈንቴ፣ ግምጃ ቤት።»

ጸሐፊው ተቆጣ። ይቆጣ።

ለተተኪዋ ደብተር ትታለች፣ ሚዛኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅላ፦
«ከሁሉ በፊት ሃያውን ብረት ይጫኑበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።
የበሩ ሦስተኛ ማጠፊያ ይነክሳል፣ ጣትዎን ይጠብቁ።
ጆሯቸው የከበደ አባቶች አሉ፤ ቁጥሩን ሁለቴ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ እንዲያውቁ።»

ተተኪው ገና አልተቀጠረም።
የካቲት ገብቷል፤ ብርዱ ግን ከቡሬ አልወጣም።
ደብተሩን የማነበው እኔ ነኝ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረኛል፤
ኮንትራት መሆኔን የነገረኝ የለም እንጂ፣ እሱም ያልቃል።
ጉልበቴ እየጮኸ እንበረከካለሁ፤ ብረቱን አነሣለሁ።
መርፌው ሃያ ላይ ይቆማል።
አንዳንድ ቀን ደግሞ አይቆምም፤ ያን ጊዜ ብሎኑን እፈልጋለሁ።