የአንገት ሕክምና

ሴቬሪን አንገቱ ደረቀ፤
ሃያ ሦስት ዓመት፣ በየምድር ቤቱ እየዘለቀ፣
የጋዝ ቆጣሪ ሲያነብ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣
ቁጥር ሲጽፍ፣ ቁልቁል ሲያይ፣ ጎብጦ ወጥቶ፣ ጎብጦ ተመልሶ።

ሐኪሟ ማጅራቱን ዳብሳ፣
«መድኃኒት አልጽፍም» አለችው፣ ብዕሯን ኪሷ መልሳ።
«በቀን ለሩብ ሰዓት ሽቅብ ተመልከት፤
ሰማዩ ከደመነ ጣራ፣ ጣራው ከሰለቸህ መስኮት።»

ውች ናት ከተማዋ፤ በአገሬው አፍ «ጀልባ» ማለት፤
ጀልባ አለ ማኅተሟ ላይ፤ ወንዝ ግን በዐይን የሚያዩት የለባት።
ወንዞቿን ፋብሪካ ጠጥቶ፣ ቀለሙን አጥቦባቸው፣
ሲበቃው በጡብ ቦይ፣ ከአስፋልት ሥር ቀበራቸው።
ጀልባዋ በደረቅ ቀረች፣ ጭስ ማውጫ እንደ ምሰሶ ተክላ፣
ሸራውን ለሌላ ሸምና፣ ለራሷ ቁራጭ ሳትሰቅል ውላ።
ኋላም ገዢ ጠፋ፣ ጭሱ ቆመ፣ ልጆቿ ወደ ዋርሶ ሄዱ፤
የቀሩት «አስቀያሚ ናት» አሉ፤ ሳያዩ መኖር ለመዱ።

የመጀመሪያው ቀን፣ የርግብ ኩስ ነው ያየው፤
ሁለተኛው ቀን፣ የፖስታ ሳጥን ግንባሩን መታው።
ሦስተኛው ቀን ግን፣ ትራም ሲጠብቅ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጣራ፣
የብረት ዘንዶ አየ፤ አፉን ለዝናብ የከፈተ፣ የዝገት ጢም ያፈራ።
ዐሥራ ሁለት ዓመት በሥሩ አልፏል፤ ዘንዶ መኖሩን አልሰማም።
ከዚያ ወዲያ ሩብ ሰዓቱ ሰዓት ሆነ፤ ሰዓቱም አልበቃም።

የባለፋብሪካው ቤት ደረቱ ላይ፣ የጂብሰም ንብ ተሰክቷል፤
በረንዳ የተሸከመው ግዙፍ፣ የግራ እግሩ ጣት ጠፍቷል።
ካልሲ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ቀለም ሲቀረፍ ሌላ ጽሕፈት፣
በአራት ቋንቋ «ክር አለ» ይላል፤ ሦስቱ አንባቢ የሞቱበት።
ሴቬሪን ባርኔጣውን አወለቀ።
ለምን እንደሆነ አልገባውም።

አንድ ማክሰኞ፣ ከተዘጋው የጥጥ ፋብሪካ ፊት ለፊት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ በሁለት መስኮት መሃል፣ አየ አንዲት የድንጋይ ሴት፤
ፀጉሯ ውስጥ የጥጥ ፍሬ፣ ከጆሮዋ ሥር እንዝርት ሲሾር፣
አፍንጫዋ ላይ ግን ጥንድ ካልሲ፣ ውኃው ጠብ ጠብ ሲል አላፊውን ሲያስቸግር።

ሰማንያ አንድ ደረጃ ወጣ፣ ቆጣሪ ላንብብ ብሎ።
ጌኖቬፋ ከፈተች፤ ጆሮዋን የሽመና መኪና ወስዶት፣ ጡረታውን ለእሷ ጥሎ።
«ካልሲው የእርስዎ ነው? ሴትዮዋ አፍንጫ ላይ?»
«የምን ሴትዮ?»

ሠላሳ አራት ዓመት እዚያ ቤት፤ ጠዋት በጨለማ ወጥታ፣
ማታ በጨለማ ገብታ፣
ከመስኮቷ የሚደረስ ጉጥ፣ ለመስቀያ ተመችቷት፣
ድንጋይ ነው ብላ ኖረች፤ ፊት እንዳለው ማንም ሳይነግራት።

«ምን ትመስላለች?»
እሱ ቁጥር እንጂ ቃል አይሆንለትም፤ ቆየ።
«ደክሟታል» አለ። «ግን አልተኛችም።»
«አፏስ?»
«ክፍት ነው። ጩኸት መሃል ለጓደኛዋ አንድ ነገር እንደምትል።»

ጌኖቬፋ ቀጥ አለች። ሽመና ክፍል፣ አራት መቶ መኪና ሲያጓራ ውሎ ሲያድር፣
ሴቶቹ በከንፈር ነበር የሚያወሩት፤ ሐሜቱን፣ እርግዝናውን፣ የአድማውን ምሥጢር።
«ውረድ» አለችው። «ማዶ ቁም። አፍህን እንደ እሷ አድርግ፤
እኔ ከዚህ አነባለሁ።»

ወረደ። ፌርማታው ላይ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያይ፣
አንድ የጋዝ ሠራተኛ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ላይ፣
አፉን እንደ ድንጋይ ሴት ከፈተ፤ ያለ ድምፅ፣ ደጋግሞ።
አንዲት ተማሪ አየችው፣ ከዚያ የሚያየውን አየች፤ የትራሙም ሾፌር በሩን ሳይዘጋ ቆሞ።

ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ጌኖቬፋ አነበበች።
ምን እንዳነበበች ለማንም አልነገረችም፤
ሳቀች ብቻ፤ እጇን ዘረጋች፣
ካልሲዎቹን አነሣች።

የዚያ ቤት ቆጣሪ በዚያ ወር አልተነበበም።