ሦስተኛው ደቂቃ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ አርባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሌሊት ጅብ ይጮኻል ከጤፉ ማሳ ላይ፣ ከኛ ሳይርቅ።
እኔ ሠርግ ቆራጭ ነኝ፤ የሰው ሳቅ፣ የሰው እንባ፣
ያለ መቀስ ቆርጬ በፍላሽ የማስገባ።
አሮጌው ኮምፒውተር አዘገመ፣ አረጀ፤
የአንድ ሰዓት ፊልም ሊያወጣ አንድ ሌሊት ፈጀ።

ዕቁቤ ወጣና መርካቶ ወረድኩኝ፣
ነስሩ ሱቅ ገብቼ ካርዱን አነሣሁኝ።
ሁለት ማራገቢያ፣ ጡብ የሚያክል ክብደት፤
«ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ» አለኝ በእምነት።
«ማይኒንግ ላይ ነበረ?» ብዬ ስጠይቀው
ዝም አለ፤ ቀጥሎም አቧራውን ጠረገው።

ገጠምኩት። በራ። ጮቤ ረገጥኩኝ፣
የትርሲትን ሠርግ ከፈት አደረግኩኝ።
ሙሽራዋ ወጣች፣ ሚዜዎች ጨፈሩ፣
አክስቶች በጭብጨባ ዘፈን ጀመሩ።
በሦስተኛው ደቂቃ አባትየው ተነሥተው፣
ለምርቃት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣
አፋቸውን ሲከፍቱ —

ጨለማ።
የማራገቢያው ጉርምርምታ ብቻ የሚሰማ።

እንደገና አበራሁ። እንደገና ቆሙ።
እንደገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጠፋ ቀለሙ።

ድራይቨሩን አጠፋሁ፣ ከሥሩ ነቀልኩት፤
አዲሱን ጫንኩበት፣ አሮጌውን መለስኩት፤
ራሙን አውጥቼ፣ በላጲስ ወልውዬ፣
መልሼ ከተትኩት «በስመ አብ» ብዬ፤
የጎኑን ክዳን ፈትቼ ቬንቲሌተር ደቀንኩ፣
ሙቀቱን በየደቂቃው በደብተር መዘገብኩ።
ስድሳ አምስት፣ ሰባ አንድ... ያን ያህልም አይደለ፤
ታማሚው ትኩሳት የለው፤ ታዲያ ምን ገደለ?

ለነስሩ ደወልኩኝ። ያልተባለ አልቀረም።
ሌባ አልኩት። «ወላሂ እኅቴ፣ አንቺን አልሰርቅም፤
አምጪው፣ እዚሁ ይፈተሽ።»
ካርዱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣
ሄድኩኝ በሚኒባስ፣ በቃሊቲ አልፌ።
እሱ ሱቅ ላይ ሠራ፤ ሻይ ጠጣን፣ ሰዓት አለፈ።
ቤቴ መልሼ ገጠምኩት፤ በሦስት ደቂቃ አረፈ።

ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ደረጃውን ወረደ፣
ከጋሽ ዘርጋው ብየዳ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄደ።
እሳቸው ብረት ሲነኩ አምፖሌ ይርገበገባል፤
«ጋሼ፣ የእርስዎ እሳት የኔን ሥራ ይገድላል»
አልኳቸው። መነጽሩን ወደ ግንባር ገፉ፤
«ልጄ፣ እሑድ አልበይድም» ብለው አረፉ።

እሑድም ጠፍቶ ነበር።

ኦብሳ ከሦስተኛ ፎቅ መጣ፤ አሥራ ሰባት ነው ዓመቱ፤
ስሙ በቋንቋቸው «ትዕግሥት» ነው፣ ብላኛለች እናቱ።
ካርዱን አልነካውም። ምንም አልጠየቀ።
ከታች፣ ከጥጉ ሥር፣ ወደ ተደበቀ
ሳጥን እጁን ሰዶ፣ ፈታ አራት ብሎን፣
እንደ ሽንኩርት ነጋዴ መዘነ ክብደቱን።
«ስድስት መቶ ይላል» አለ፣ «ላዩ ላይ የተጻፈው፤
ሆዱ ግን ባዶ ነው፤ ቢሰጥ ሦስት መቶ ነው።»

ስንት ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ኖሮ
ለሁሉም ሲያካፍል፣ ከራሱ ቆንጥሮ፣
ሸክም ሲጨመርበት «አልችልም» አላለም፤
ወደቀ እንጂ ዝም ብሎ፣ አልተናገረም።
ስሙንም ጠርቼው አላውቅ።
ፓወር ሳፕላይ ይባላል።
ካርድ ስንገዛ «እሱስ ይችላል ወይ?» ማን ይላል?

ከኦብሳ አጎት የውሰት መጣ፣ ከባድ፣ ሁለት ገመድ ያለው፤
ሁለቱንም ለካርዱ ሰካን፣ ለየብቻ ለይተነው።

ሦስተኛው ደቂቃ። ትንፋሼን ያዝኩ።
አባትየው ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ። አፋቸውን ከፈቱ።
ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ምርቃት —
ሳሉ። መሐረብ ፈለጉ ከኪሳቸው፤
«ልጄ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣም ከአፋቸው።
ተቀመጡ።

አልቆረጥኩትም። ሳሉም፣ መሐረቡም ይኑር አልኩ።
ለነስሩ «ይቅርታ» ብዬ መልእክት ላክሁ።
«ካርዱ ይሠራል?» አለ፤ በቃ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ዘጠና ሰባት በመቶ ሲደርስ፣
ጨለማ።
እጄ ወደ ብሎን መፍቻው ሄደ። በመስኮት አየሁ፦ ከብሎካችን እስከ ኮዬ ድረስ
አንድም መብራት የለም።
ኦብሳ ከታች ጮኸ፦ «አትፍቺው! እሱ አይደለም!»