መርፌው ግማሽ ላይ ነው

ቶሳ ጉሙን ለብሶ ራሱን አያነሳም፤
ቁልፉን አዞራለሁ፣ ይስላል እንጂ አይነሳም።
ጦይብ ካራዳ መጣ፣ ጥፍሩ ግራሶ ጠግቦ፣
ኮፈኑን ከፈተ፣ ጆሮውን አቅርቦ።

«ዝም በል እስቲ!» አለኝ። ካንዴላ ነቀለ፣
እንደ ጥርስ አገላብጦ «ይኸስ ደህና» አለ።

«ብርዱ ይሆን?» አልኩት።
«የደሴ ብርድማ
ቢያቆም ኖሮ ማን ይነዳ ነበር በዚች ከተማ?
ቤንዚንስ?»
«ግማሽ ነው። መርፌው ይኸውልህ፤
ካምና ጀምሮ እዚያው ነው፣ ልማልልህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ኋላ ዞረ፣
ሰልባትዮውን በመፍቻ መታ፣ ሞከረ፤
እንደ ባዶ ማድጋ ቆርቆሮው ተናገረ።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «በል ጀሪካን አምጣ።»

ቁልቁል ስወርድ ዘምዘም ከሱቋ በር ወጥታ
«እንዴት ነህ?» ስትለኝ፣
አፌ ቀድሞኝ «ደህና»፣
ልክ እንዳምና።