ማንሳት

ሐምሌ ነው ይላሉ፤ ዝናብ ግን አያውቅም፤
አሽዶድ ወደብ ዳር ንፋሱም አይጠቅምም፤
ከባሕሩ ተነሥቶ ላቡን ይዞ ይመጣል።
አስፋልቱ ከጫማ ጋር እየተጣበቀ ይላጣል።
እኔ ግን ካፖርቴን እስከ አንገት ቆልፌ፣
ቁልፍ አንጠልጥዬ፣ ካሜራዬን አቅፌ፣
የዓሣ መጋዘኑን ከባድ በር ስገፋ፣
ክረምት ፊቴ ላይ እንደ ጭስ ተተፋ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ፤
የምጠብቀውም የቀዘቀዘ ዕቃ፦
ከሩቅ ባሕር የመጣ፣ ዓይኑን ያልከደነ
ዓሣ በየካርቶኑ፣ ድንጋይ የሆነ።

የኋላው አዳራሽ ባዶ ነበር ለዓመታት።
ሦስት ሰዎች መጡ፣ ቱቦ ይዘው፣ አንድ ሌሊት፣
ከጣሪያ እስከ ወለል ግድግዳውን አጠጡት፤
ውሃው እየወረደ፣ እየረጋ በንብርብር፣
በሳምንቱ ገደል ቆመ፣ አሥራ ሁለት ሜትር።

ገናዲ ከኡራል ነው፣ ጺሙ የሽበት አጥር፤
ራኬፌት መምህርት ናት፣ የምታስተምር ቁጥር፤
ኒታይ ወታደርነቱን ትናንት የጨረሰ፣
ከመውጣቱ በፊት ሳቁ ላይ የደረሰ።
«በክረምት ካውካሰስ እንሄዳለን» አሉ፤
«እስከዚያው እዚህ እንሙት» ብለው ሳቁ ሁሉ።

በእኔ አፍ አንድ ቃል ነው፦ በረዶ። በቃ።
በእነሱ ሦስት ስም አለው፦ ሼሌግ፣ ቄራኽ፣ ባራድ፤
ባራድ ብቻ ነው የእኛ ዘመድ፣
ሰማይ የሚወረውረው ጠጠር።
ገናዲ ስሙን ሁሉ ትቶ በጣቱ አንኳኳ፦
«ሰማያዊው እውነተኛ ነው። ነጩ ይዋሻል።
ጆሮህን አስጠጋ። ውስጡ አየር ነው።»

ባትሪ በብርድ ይሞታል። ብብቴ ስር አሞቀዋለሁ
እንደ ዕንቁላል፤ አሥር ፎቶ ይሰጠኛል፣
ደግሞ ይሞታል።
ፊታቸውን ማንሳት በሁለተኛው ሌሊት ተውኩ።
የጫማቸውን ጥርስ ነው የማነሳው፣
የምስማር ጫፍ የምታህል ብረት
አንድ ሙሉ ሰው ተሸክማ ስትንቀጠቀጥ።

ረቡዕ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ኒታይ ከላይ ነው፤ ከበታቹ ሁለት ብሎን ብቻ።
በሌንሱ ውስጥ አየሁት ፋሱን ሲሰነዝር፣
ነጩ ላይ።
ነጩ ላይ!
ስሙ አፌ ውስጥ ነበር። ጣቴ ቀደመ።
ቀጭ።
ቀጭ ቀጭ።
ግድግዳው እንደ ሰሃን ቁልል ተናደ፤
አንዱ ብሎን ወጣ፣ ሌላውም ተከተለ።

ቋንቋዬ ለእኔ እንዴት ቸር ነው።
«ሲወድቅ አነሳሁት» ብል
ማን ሐሰተኛ ይለኛል?
በእጃቸው ያነሱት ገናዲና ራኬፌት ናቸው።
እኔ በር ከፈትኩ።
ወበቁ ሲነካው ሌንሱ አለቀሰ፤
እኔ የአምቡላንሱን ቁጥር ነበር የማነበው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ብሎኑ አሁን ዳሌው ውስጥ ነው፣
አራት፣ ከበረዶው የሚበልጥ የያዘ።
እናቱ ፕሪም እየላጠች፣ ማንም ሳይበላላት።
«ጺላምታ ኦቲ?» አለኝ።
በእነሱ አፍ ይህ ስለ ምስል ብቻ ነው የሚጠይቀው።
እኔ ግን በአማርኛ ሰማሁት፦
አነሳኸኝ?
«አዎ» አልኩት።
በትልቁ አሳትመህ ስጠኝ አለ፣ ለግድግዳዬ።
ሦስተኛውን አላሳየሁትም፤
እጁ ተዘርግቷል እዚያ ላይ፣ አምስቱም ጣት፣
ወደ ሌንሱ።

ማክሰኞ ማቀዝቀዣውን አጠፉት።
ገደሉ በሁለት ቀን ውሃ ሆነ፣
ፍሳሹን ይዞ ወደ ወደቡ ሄደ።
የቀረውን የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ ዘበኛው።
ከጥጉ ጓንት አገኘሁ፣ የግራ እጅ፣ እርጥብ።
ካሜራዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ
አነሳሁት።