የባሕር በር

አውቶቡሱ ጥሎኝ ዞሮ ተመለሰ፤
የጋሊሲያ መንገድ ጠጠር ላይ ፈረሰ።
የያዝኩት ካርታ ላይ «ቅስት አለ» ይላል፤
ነፋስ ግን ካርታዬን ማንበብ መች ይችላል፣
ነጠቀኝ ከእጄ ላይ፣ ጣለው ከነስሙ፤
ዓይኔን ቀና ባደርግ፣ ከፊቴ መቆሙ!

አንድ እግሩ ከየብስ፣ አንዱ ከጨው ውኃ፤ ሊሻገር ጀምሮ፣
ወዴት እንደነበር የረሳ ሽማግሌ፣ ቀረ ተገትሮ።

ባሕሩ ሸሽቷል። ከቅስቱ ሥር አንዲት ሴት፣
ወገቧ በገመድ፣ ገመዱ ከአለት፣
ብረት መፋቂያዋን ስንጥቁ ውስጥ ሰዳ
ጥፍር የመሰለ የአለት ፍሬ ትለቅማለች ማልዳ።

«ጀርባህን ለባሕር አትስጥ!» ነው ሰላምታዋ፤
ስሟን ያወቅኩት ኋላ ነው፣ ኤውዶሲያ፤ ቀደመ ቁጣዋ።
ማዕበል ትቆጥራለች፦ አንድ፣ ሁለት… ስድስት፤
ሰባተኛው ሲመጣ ተለጥፋ ከአለት፣
ራሷም አለት ሆና ታሳልፈዋለች በአናት።

ስትወጣ ጠየቅኳት፦ «ይህን በር ማን ሠራው?»
ሳቀች።
«በር እንዳትለው፤
በርማ ይዘጋል፣ መቀርቀሪያ አለው፣
ማጠፊያ አለው፣ የሚያንኳኳው አለው።
ይሄ ጉድለት ነው።
ድንጋዩን ባሕር በላ፣ ያልተበላው ቀረ፤
እናንተ ከሩቅ የምትመጡት
ያልተበላውን ታያላችሁ።
እኔ የተበላውን።»

ሁለት ነበሩ አለችኝ፣ መንታ።
ባሕሩ ወንድሟን፣ ሼንሾን፣ በወሰደ በሦስተኛው ክረምት
አንደኛው በሌሊት ወደቀ።
የሰማ የለም፤ መንደሩ ከነውሻው ተኝቷል።
ጠዋት ግን በወጥ ቤቷ መስኮት
ከዚያ በፊት ገብቶ የማያውቅ ብርሃን ገባ፣
ያልታጠቡት ሳህኖች ላይ ዐረፈ።
«መውደቁን ያወቅኩት ያኔ ነው» አለች፤
«ብርሃኑን ጠላሁት። መጋረጃ ገዛሁ።»

አንዷን ፍሬ ጠምዝዛ፣ ቆዳዋን ገፍፋ ሰጠችኝ፤
ጨው ጨው ትላለች፣ ትንሽም ብረት ብረት።

በእኔ ቋንቋ «የባሕር በር» የሚባል ነገር አለ፤
ልጅ ሆኜ በክፍል ካርታ ላይ
በጣቴ ፈልጌ ያጣሁት፣
ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጣሉበት።
ይኸው ከፊቴ ቆሟል፤
ዘብ የለው፣ ቀረጥ የለው፣
አስገባ ቢሉት የሚያስገባው ውኃ ብቻ።
ይህን ለኤውዶሲያ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል
ጫማዬ ረጠበ።

ለካ ጀርባዬን ሰጥቼው ኖሯል።

«ስድስት» አለች፣ ገመዱን በክንዷ እየጠቀለለች።
ሮጥን።