ሁለት ጣት እጥፋት

ጋል ከተማ፣ ከምሽጉ ማዶ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
የስፌት መኪናዬ እንቅልፍ የለውም ታኅሣሥ ሲገባ።
ትምህርት ሊከፈት ነው፤ እናቶች በሬ ላይ ተሰልፈዋል፣
ነጭ ነጩን ጨርቅ በብብታቸው ይዘዋል።
ሜትሩ አንገቴ ላይ፣ ስፒሉ ከንፈሬ ላይ፣
ትከሻ እለካለሁ፣ የልጆቹን ዓይን ሳላይ።

"ዲልሃኒ፣ ሰፋ አድርጊው፣ ያድጋል" ይሉኛል።
ማደጉን አውቃለሁ፤ እኔም ይገባኛል።
ከቀሚሱ ጫፍ ላይ፣ ወደ ውስጥ አጥፌ፣
ሁለት ጣት ለከርሞ አኖራለሁ አትርፌ።

ከቁልፎቹ መሳቢያ፣ ከክሩ ጥቅል ታች፣
የክሊኒክ ካርዴ አለች፤
አራት ጊዜ ተከፍታ አራት ጊዜ የተዘጋች።
መድኃኒቱን ከጎረቤት ፍሪጅ፣ ከዓሣው መሃል አውጥቼ፣
ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሆዴን በመርፌ ወግቼ፣
ቲሳራ ፊቱን አዙሮ፣ እጄን ብቻ ይዞ፣
ስንት ምሽት አለፈ ተስፋችን በረዶ ላይ ደንዝዞ።

ሰባት ገንቦ ውኃ ለቦዲው ዛፍ አፍስሻለሁ፤
መነኩሴው አንጓዬ ላይ ያሰሩልኝን ነጭ ክር
በራሱ እስኪበጠስ ጠብቄአለሁ።
ሲበጠስ አልጮኸም።
ክር ነው፤ ጠባዩን አውቃለሁ።

አማቴ ክፉ አይደለችም።
ብቻ "ፓፓያ አትብዪ" ትለኛለች፣
ለሌለው ፅንስ እየተጠነቀቀች።
ሰርግ ቤት አንዲት የማላውቃት ሴት "ስንት ልጆች?" ስትለኝ
"መቶ ስልሳ፣ ሁሉም ነጭ ለባሽ" አልኳት።
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ቤቴ ስደርስ ሳቄን እንደ ጫማ ደጅ አውልቄ ገባሁ።

ታናሽ እህቴ ሳቺኒ ማርገዟን የነገረችኝ ቀን
ሦስት እጅጌ አበላሸሁ።
ደስ ብሎኛል። ሦስት እጅጌ አበላሸሁ።
ሁለቱም እውነት ነው።

ሐኪሟ "አምስተኛውን እንሞክር?" ስትል
"ዝናቡ ይውጣና" አልኳት፤
እንቢም እሺም አልነበረም።
ከክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ያገኘኋት ፋዚላ
ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ቁልፍ ትተክልልኛለች።
ስለዚያ ነገር አናወራም።
አንዳንዴ እናወራለን፤ ያን ቀን ቁልፎቹ ጠማማ ናቸው፣
ማንም ግን አይፈታቸው።

ትናንት አንዲት ልጅ ያምና ቀሚሷን ይዛ መጣች፤
ጉልበቷ ከጫፉ አምልጧል።
ስፌቱን ፈታሁት፤ ሁለቱ ጣት ወረደ።
የእጥፋቱ መስመር ግን አልሄደ።
አጠብኩት፤ በጋለ ካውያ ተኮስኩት፤
እዚያው ነው፣ እንደ ቀጭን ጠባሳ።
"ይታያል?" አለችኝ።
"ይታያል" አልኳት።
ለበሰችው፤ ጎንበስ ብላ አየችው።
"ግን ረዝሟል!" አለችና
ሳትከፍለኝ ሮጠች።