ሠላሳ አንደኛው ወር

ስድሳ ትንንሽ ሣጥን አስምሬ በወረቀት፣
ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት አንድ ሌሊት።
ሠላሳው ተሰርዟል፤ ካሲሚር በየወሩ
ከፋብሪካ ባመጣው ጠመኔ ይሰርዛል፤ በዓል ነው ለነገሩ።
ስድስት መቶ አርባ ዶላር ከደሞዙ ተነጥሎ፣
እጃችንን ሳይነካ፣ ባለአደራው ዘንድ ይገባል ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ።
ኪሳራችንን ፍርድ ቤት ካስመዘገብን ወዲህ
እንዲህ ነው ኑሯችን፤ ከእጅ ወደ አፍ፣ እንዲህ።
«ባለአደራ» ይሉታል፣ አደራ ያልሰጠሁትን ሰው፤
ፊቱን አይቼ አላውቅም፤ ፊርማው ግን ቀጭን ነው።

ከዚያ በኖቬምበር፣ ከኢሪ ሐይቅ በረዶ እየነፈሰ፣
ሎኮሞቲቭ የሚያዝ ደንበኛ አነሰ።
ፋብሪካው ማንንም አላባረረም፤ ቀኑን ብቻ ቀነሰ፤
አምስት የነበረው ሳምንት ሦስት ሆኖ ተመለሰ።
ካሲሚር ገባ፤ ጫማውን ሳይፈታ ተቀመጠ።
በረዶው ከሶሉ ሥር ምንጣፉ ላይ ቀለጠ።
«ስንት ቀን?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ሦስት ጣቱን አነሳ፤
ያቀረብኩለት ሾርባ ቀዘቀዘ፣ ተረሳ።

ሌሊት ሒሳብ ሠራሁ፣ በፖስታዎቹ ጀርባ፦
ጋዝ መቶ ሰማንያ፤ የስኳሩ መርፌ ሰባ፤
የመኪናው መድን፤ የቤቱ ወርኃዊ ክፍያ፤
የልጃችን የብሮኒያ የጥርሷ ማሰሪያ።
ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የማገኘውን ደመርኩ፤
ቀነስኩ፤ እንደገና ደመርኩ።
ወረቀት አይዋሽም፤ እኔ ልዋሽ ፈለግሁ፤
«ይህን ወር ብንዘልለውስ?» ስል በጨለማ አሰብሁ።
ማን ያያል? ግን የዝምታ ዕዳ
ወለዱ ይከፋል፤ ይመጣል ከሜዳ።

እሱም ጠዋት የአባቱን የበረዶ መሰርሰሪያ አወጣ፣
ዓሣ የሚያጠምድበትን፤ «ይሸጥ» አለ በቁጣ።
«ስንት ያወጣል?» «አርባ ዶላር።» ተያየን፤ ሳቃችን መጣ፤
ሳቁ ሲያልቅ ከውስጡ ሌላ ነገር ወጣ።

የጠበቃችን የኦዴት ቢሮ ከልብስ አጠባው ቤት በላይ፣
የሳሙና እንፋሎት ይወጣል፤ ላብ ይሁን እንባ ፊቴ ላይ
አልለይም ነበር። እሷ ግን እንባ አልጠየቀችም፤
የሦስት ወር የደሞዝ ወረቀት አለች እንጂ አላጽናናችም።
«ዕቅዱ የተሰፋው ያኔ በነበረው ልካችሁ፤
ከሳችሁ። ኮት ይጠበባል እንጂ አይጣልም፤ ምን አስፈራችሁ?
ዳኛ የሚቆጣው የጎደለ ሲያይ አይደለም፤
የተደበቀ ሲያገኝ ነው። ሌላ ምሥጢር የለም።»

ችሎቱ በስልክ ነበር። አራት ደቂቃ። እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ፣
የተማሪ ድንች እየላጥኩ፣ ስልኩን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ።
ዳኛው አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ገቢው እንዲህ ይቆያል ወይ?»
«አላውቅም» አልኩ፤ እውነቴን ነው። የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?
ከአበዳሪዎቹ አንድም ተቃውሞ አልተሰማም።
ስድስት መቶ አርባው ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ሆነ፤ እልል አላልኩም።
ድንቹን ጨረስኩ።

ቅዳሜ ካሲሚር ከሐይቁ ተመለሰ፣ ያልተሸጠውን መሰርሰሪያ ይዞ፣
መዳፍ የምታክል አንዲት ዓሣ ባልዲው ውስጥ፣ ጣቱ ቀዝቅዞ።
ሠላሳ አንደኛዋን ሣጥን በጠመኔው ጫረ፤
ሃያ ዘጠኝ ቀረ።
ከዚያ ቢላ አንስቶ፣ ዓሣዋን ለሦስት ከፈለ፤
ወፍራሙን ለብሮኒያ፣ መሀሉን ለእኔ፣ «ጅራቷ ትበቃኛለች» አለ።
ባለአደራው አላየውም፤
ካሲሚር ግን ከፈለ።